በአልጀብራዊ ገጽ ላይ ስንት ቋጠሮ ሊኖር ይችላል?

ባለ ሦስት ዳይሜንሽን በሆነው ኮምፕሌክስ ፕሮጀክቲቭ ስፔስ ውስጥ አንድ አልጀብራዊ ገጽ የሚገለጸው አራት ተለዋዋጮች ባሉት ሆሞጂኒየስ ፖሊኖሚያል ነው። በገጹ ላይ የፖሊኖሚያሉ ከፊል ዲሪቬቲቮች ሁሉ ዜሮ የሚሆኑበት ነጥብ ሲንጉላር ይባላል። ከሲንጉላር ነጥቦች ሁሉ ቀላሉ ቋጠሮ ሲሆን፣ በዙሪያው ገጹ የሾጣጣን ጫፍ ይመስላል። ዲግሪው የታወቀ፣ ከቋጠሮ በቀር ሌላ ሲንጉላር ነጥብ የሌለው ገጽ ቢበዛ ስንት ቋጠሮ ይይዛል? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም።

ለዲግሪ 2፣ 3 እና 4 መልሱ እንደ ቅደም ተከተላቸው 1፣ 4 እና 16 ነው፤ 16 ቋጠሮ ያላቸው ገጾች በኩመር ስም ይጠራሉ። ለዲግሪ 5 ኤውጄንዮ ቶልያቲ እ.ኤ.አ. በ1940 ባለ 31 ቋጠሮ ገጽ መኖሩን አሳየ። ምሳሌ ማግኘት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ 32 የማይቻል መሆኑም መረጋገጥ ነበረበት።

ይህን አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ያረጋገጠው አርኖ ቦቪል ነው። ገጹ ከሲንጉላር ነጥቦቹ ሲጸዳ እያንዳንዱ ቋጠሮ በአንድ ኩርባ ይተካል። የኩርባዎቻቸው ድምር በሆሞሎጂ ለ2 የሚካፈል የቋጠሮዎች ስብስብ ተጋማሽ ይባል። ተጋማሽ ስብስቦች በአንድነት ባይነሪ መስመራዊ ኮድ ይመሠርታሉ። የዲግሪ 5 ገጽ ሁለተኛ የቤቲ ቁጥር 53 ነው። የእያንዳንዱ ኩርባ ከራሱ ጋር ያለው የመገናኛ ቁጥር -2 ሲሆን፣ የተለያዩ ኩርባዎችም አይገናኙም፤ ስለዚህ ኩርባዎቹ በሞዱሎ 2 የሚዘረጉት ስፔስ ከ26 ዳይሜንሽን አይበልጥም። ቋጠሮዎቹ 32 ቢሆኑ እንግዲህ የኮዱ ዳይሜንሽን ቢያንስ 6 ይሆናል። በሌላ በኩል ቦቪል ባዶ ያልሆነ ተጋማሽ ስብስብ 16 ወይም 20 ቋጠሮ ብቻ እንደሚይዝ አሳየ። ርዝመቱ 32፣ ዳይሜንሽኑ 6፣ ክብደቶቹም እነዚህ ብቻ የሆኑ ኮድ ግን የለም።

በዲግሪ 6 ፍራንቸስኮ ሴቬሪ እ.ኤ.አ. በ1946 ከፍተኛው ቁጥር 52 ነው ብሎ ነበር። አባባሉ ስሕተት ነው፤ ቮልፍ ባርት የአይኮሳሄድሮንን ሲሜትሪ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባለ 65 ቋጠሮ ገጽ አቀረበ። በ1997 ዴቪድ ጃፌ እና ዳንኤል ሩበርማን፣ እንደገና በኮድ ንድፈ ሐሳብ፣ 66 የማይቻል መሆኑን አረጋገጡ።

በዲግሪ 7 ሁለቱ ወገኖች ገና አልተገናኙም። ኦሊቨር ላብስ በትናንሽ ፋይናይት ፊልዶች ላይ በኮምፒውተር ፈልጎ ያገኘውን ወደ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች በማሸጋገር ባለ 99 ቋጠሮ ገጽ ሠራ፤ የአሌክሳንደር ቫርቼንኮ ወሰን ደግሞ እስከ 104 ይፈቅዳል። ከ100 እስከ 104 ያሉት አምስት ቁጥሮች አዲስ ገጽ ወይም የጠበቀ ወሰን ይጠብቃሉ።