ከሕግ ጋር የትኛው የንግድ ትምህርት ይሄዳል?
የዮርድብሩ ወጣቶችና የአሥራ ሁለቱ ተርሚን ሒሳብ

በስደት አገር ልጅ አሳድጎ ለዩኒቨርሲቲ ማብቃት ለወላጅ ትልቅ ደስታ ነው። ልጁ ወይም ልጅቱ «ሕግ ገባሁ» ሲሉ ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ሕግ ብቻውን ይበቃል ወይስ የንግድ ትምህርት ይታከልበት? ከታከለስ አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ኢኮኖሚክስ ወይስ ማርኬቲንግ?

ከዮርድብሩ በየጠዋቱ በፔንደልቶግ ወደ ስቶክሆልም ለትምህርት የሚመላለሱ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ይህን ጥያቄ በጊዜ ሊያስቡበት ይገባል። ምርጫው የፍላጎት ጉዳይ ብቻ አይደለምና። የጊዜም የገንዘብም ወሰን አለው። ወሰኑን ሳያውቅ የጀመረ ተማሪ ከሁለት ያጣ ጎመን ሊሆን ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሥራ ሁለት ተርሚን ብቻ

በስዊድን የሕግ ትምህርት አራት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ይህም 9 ተርሚን ወይም 270 ነጥብ ነው። ለዮርድብሩ ነዋሪ ቅርብ የሆነው የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ስቶክሆልም ሲቲ ወርዶ በቀዩ የቱነልባና መስመር ፍሬስካቲ ወደሚገኘው ግቢ ይደርሳል። የንግድ ትምህርት ደግሞ በሁለት መልክ ይሰጣል። የካንዲዳት ዲግሪ 3 ዓመት ወይም 180 ነጥብ ሲሆን፣ ሲቪልኤኮኖም የሚባለው 4 ዓመት ወይም 240 ነጥብ ነው።

የትምህርት ድጎማና ብድር የሚሰጠው ሴ-ኤስ-ኤን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚከፍለው ግን ቢበዛ ለ240 ሳምንት ነው፤ ማለትም ለ12 ተርሚን። ከዚያ በላይ የሚፈቀደው ልዩ ምክንያት ሲኖር ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሕጉን በ9 ተርሚን ጨርሶ የንግዱን ካንዲዳት ከዜሮ የሚጀምር ተማሪ 15 ተርሚን ያስፈልገዋል። ሦስቱን ከየት ያመጣል? ሲቪልኤኮኖምን የመረጠ ደግሞ አምስት ተርሚን ይጎድለዋል። «ሁለቱንም ዲግሪ ይዘሽ ውጪ፣ ልጄ» ብሎ መመረቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹን ተርሚኖች የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያሻል።

መውጫ መንገድ ግን አለ። የካንዲዳት ዲግሪ ለማግኘት በዋናው የትምህርት ዘርፍ 90 ነጥብ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ጨምሮ፣ ያስፈልጋል። ቀሪው 90 ነጥብ ከሌላ ዘርፍ ሊመጣ ይችላል። ዘጠና ነጥብ ማለት 3 ተርሚን ነው። ዘጠኝና ሦስት ሲደመር አሥራ ሁለት! ስለዚህ የሕግ ኮርሶቹ በቀሪው ቦታ የሚቆጠሩለት ተማሪ ሁለቱንም በሴ-ኤስ-ኤን ወሰን ውስጥ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ሆኖም የየዩኒቨርሲቲው ደንብ ይለያያል። ኤኮኖሚ ካንዲዳት የሚባለው የዲግሪ ስም ለምሳሌ ከዋናው ዘርፍ ሌላ ተጨማሪ ኮርሶችን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት አማካሪ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይበጃል።

ሁለት ነገሮችም መታወስ አለባቸው። አንደኛ፣ በግማሽ ጊዜ እየተማሩ የሴ-ኤስ-ኤን ገንዘብ የተወሰደበት ሳምንት ከ240ው ላይ እንደ ሙሉ ሳምንት ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ከተወሰደበት ትምህርት ቢያንስ 62,5 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ 75 በመቶውን ማለፍ ግዴታ ነው። ሕጉን በሙሉ ጊዜ እየተማረ አካውንቲንግ በማታ የሚጨምር ተማሪ ሳምንቶቹን ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጋር ቢወድቅ የሚቀጥለው ተርሚን ገንዘብ ይቋረጥበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሕግና ሒሳብ የሚገናኙበት ቦታ

በአገር ቤት ሁለቱ ትምህርቶች በተለያየ በር የገቡ ናቸው። የአዲስ አበባው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1943 ሲቋቋም፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1963 ነው። በዚህም የተነሳ በብዙ ወላጆች አእምሮ «ንግድ ሥራ» የጨረሰ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ሕግ የጨረሰ ዳኛ ወይም ጠበቃ ነው። የ1960ው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ግን ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝ ነበር፤ ስለ ማኅበራት፣ ስለ ባንክና ስለ ኪሳራም በአምስት መጻሕፍት ተከፋፍሎ ተጽፎ ነበር። በ2021 በአዋጅ ቁጥር 1243 እስኪተካ ድረስ ስድሳ ዓመት አገልግሏል። ሕግ አዋቂው የመዝገቡን ቋንቋ ካላወቀ ግማሹን ሕግ አላነበበም ማለት ይቻላል።

በስዊድንም ነገሩ ያው ነው። ምግብ ቤት፣ የጽዳት ድርጅት ወይም ታክሲ ይዘው የሚሠሩ ብዙ ሐበሾች አክትየቡላግ ያቋቁማሉ። ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ለዚህ የሚጠየቀው ካፒታል ከ50.000 ወደ 25.000 ክሮነር ወርዷል። በሩ ሰፋ፤ ግዴታው ግን አልቀነሰም። የድርጅቱ የራሱ ካፒታል ከተመዘገበው ካፒታል ከግማሽ በታች ወርዷል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት ካለ፣ በ25.000 ክሮነር ድርጅት ከ12.500 በታች ማለት ነው፣ ቦርዱ ወዲያውኑ የቁጥጥር ሒሳብ እንዲሠራ የአክሲዮን ኩባንያዎች ሕግ ምዕራፍ 25 ያዛል። ጉድለቱ ከተረጋገጠ ስብሰባ ይጠራል፤ ካፒታሉን ለመሙላት ያለው ጊዜ 8 ወር ነው። ይህን ችላ ያለ የቦርድ አባል በዚያ ጊዜ ድርጅቱ ለሚገባው ዕዳ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። የምግብ ቤቱ ዕዳ ወደ ባለቤቱ ቤት ገባ ማለት ነው።

ይህን አደጋ በጊዜ የሚያየው ማን ነው? ከኅዳር 2010 ወዲህ ትንንሽ ኩባንያዎች ኦዲተር የመያዝ ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ ሰው የለም። አንቀጹን ብቻ የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ቁጥሩን ሌላ ሰው እስኪነግረው ይጠብቃል። ቁጥሩን ብቻ የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ቁጥሩ ያስነሳውን የሕግ ግዴታ ላያስተውል ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

እንግዲያው የትኛው ይመረጥ?

አካውንቲንግና ግብር፦ የት እንደሚሠራ ገና ላልወሰነ የሕግ ተማሪ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ሊሆን ይገባል። የግብር ክርክር፣ ኪሳራ፣ የድርጅት ሽያጭ፣ የባልና ሚስት ንብረት ክፍፍል ሳይቀር ከሒሳብ መዝገብ ይጀምራሉ። በስካተቬርኬትና ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የኢኮኖሚ ወንጀል መሥሪያ ቤትም ሕግና ሒሳብ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከዚህም በላይ አካውንቲንግ ያለ መምህርና ያለ ልምምድ በኋላ በራስ ንባብ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው።

ፋይናንስ፦ ወደ ባንክ፣ ወደ ኢንሹራንስ፣ ወደ ፊናንስኢንስፔክሹነን ወይም የኩባንያ ግዢና ሽያጭ ወደሚሠሩ ትልልቅ የጥብቅና ቢሮዎች ለመግባት ለቆረጠ ይጠቅማል። መሠረቱ ግን እንደገና አካውንቲንግ ነው።

ኢኮኖሚክስ፦ ስለ ገበያ ውድድርና ስለ አውሮፓ ኅብረት ሕግ ለሚያስብ፣ ወይም በመንግሥት ፖሊሲ መሥራት ለሚፈልግ የሚስማማ ነው። ለሠፈር ባለሱቅ የሚሰጠው የዕለት ጥቅም ግን ያነሰ ነው።

ማርኬቲንግና ማኔጅመንት፦ የሚናቁ ትምህርቶች አይደሉም። ነገር ግን አብዛኛውን በሥራ ላይ መማር ይቻላል። ሦስት ውድ ተርሚን ለእነርሱ ማዋል ያለበት የራሱን ድርጅት ለመምራት ያሰበ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዲግሪ የማያደርገው ነገር

ሁለት ዲግሪ ሁሉን በር አይከፍትም። በፍርድ ቤት የኖታሪየነት ቦታ ለማግኘት ዋናው የሕግ ትምህርት ውጤት ነው። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የሚያልም ተማሪ አካውንቲንግ ጨምሮ የሕግ ውጤቱ ከሚወርድበት፣ ሕጉን ብቻ በሚገባ ቢማር ይሻለዋል። አድቮካት ለመባልም የሕግ ዲግሪ፣ ቢያንስ የሦስት ዓመት የሕግ ሥራና የጠበቆች ማኅበር ፈተና ይጠየቃል፤ የንግድ ዲግሪ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። እንዲሁም አካውንቲንግ መማር ብቻውን ሕጋዊ ኦዲተር አያደርግም። ኦዲተርነት የራሱ የኮርስ ዝርዝር፣ የሦስት ዓመት ልምምድና ፈተና አለው።

ገና ጂምናዚየም ላይ ላሉ ልጆች ወላጆች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የንግድ ትምህርት በር ከሕግ ይልቅ ብዙ ሒሳብ ይጠይቃል። «ሕግ ነው የማጠና፣ ማተማቲክ ምን ያደርግልኛል» ብሎ የተወ ልጅ በኋላ በኮምቩክስ ለማሟላት ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል።

አካውንቲንግ እስከ ምን ድረስ እንደሚስማማ ለመሞከር ወዲያው ሦስት ተርሚን መስጠት አያስፈልግም። አንድ አጭር የመግቢያ ኮርስ በማታ ወይም በርቀት መውሰድ ይቻላል። ፍሌሚንግስበሪ የሚገኘው የሶደርቶርን ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሕግ ዲግሪ ባይሰጥም የንግድ ሥራ ኮርሶች አሉት፤ ከዮርድብሩ ኤልቭሾ ላይ ባቡር ቀይሮ መድረስ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ተማሪው ወደ ሴ-ኤስ-ኤን ገጹ ገብቶ ከ240ው ስንት ሳምንት እንደቀረው ይመልከት። ቁጥሩን ይዞ ከወላጆቹ ጋር ይምከር፤ ከዚያ የትምህርት አማካሪውን ያነጋግር። ዲግሪውን መምረጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።