ከመቶ ሦስትና ከመቶ አንድ፤ የወላይታ ሠራተኛና ባለ ጡረታ የጤና መድን

አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ፣ የወር ደመወዝህ የሚሠራበትን ፔሮል ከስምህ እስከ ፊርማህ ድረስ አንብበኸው ታውቃለህን? አብዛኞቻችን ዓይናችን የሚያርፈው በመጨረሻው ዓምድ ላይ በተጻፈው የተጣራ ደመወዝ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉት ዓምዶች ግን ገንዘባችን ወዴት እንደሚሄድ ይናገራሉ። አንደኛው የሥራ ግብር ነው። ሌላው ለጡረታ የሚቆረጠው ከመቶ 7 ሲሆን፣ መንግሥት በአሠሪነቱ ከመቶ 11 ይጨምርበታል። ተማሪም ከሆንህ ነገሩ አይመለከተኝም ብለህ ገጹን አትግለጥ። ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደብተርህን ይዘህ ስትመላለስ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስምህ በአንዱ ወረዳ ፔሮል ላይ ይሰፍር ይሆናል።

ዛሬ የምናወጋህ ስለ አንድ ሌላ ዓምድ ነው። በሕግ ከተጻፈ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙም የማኅበራዊ ጤና መድን መዋጮ ይባላል።

የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። መዋጮው ስንት እንደሚሆን የተወሰነው ግን በ2005 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ሠራተኛው ከወር ደመወዙ ከመቶ 3 ያዋጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ከመቶ 3 ይጨምራል። ባለ ጡረታው ከጡረታ አበሉ ከመቶ 1 ያዋጣል፣ መንግሥትም ከመቶ 1 ይጨምርለታል። በዚህ መዋጮ አባሉ፣ የትዳር ጓደኛውና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ ይታከማሉ። ተመላላሽ ሕክምና፣ ተኝቶ መታከም፣ ማዋለድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የላቦራቶሪ ምርመራና በዝርዝር የታወቁ መድኃኒቶች በጥቅሉ ውስጥ ናቸው።

ቁጥር ሲሠሩት ነው የሚገባው። ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ከዚህ ላይ ከመቶ 3 ማለት 345 ብር ነው። አሠሪው ሌላ 345 ብር ሲጨምርበት በወር 690 ብር ይሆናል። (የዐዋጁም ቁጥር 690 መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ለማስታወስ ግን ይመቻል።) አሁን ደግሞ 4,000 ብር አበል የሚቀበሉ አንድ ባለ ጡረታ አሉ እንበል። ከእርሳቸው የሚቆረጠው 40 ብር ነው፤ መንግሥት 40 ሲጨምር 80 ብር ይሆናል። እንግዲህ የአንድ አዲስ ተመራቂ መዋጮ ከስምንት የሚበልጡ ባለ ጡረታዎችን መዋጮ ያህላል ማለት ነው።

ይህን ሲሰማ አንዱ ወጣት፣ «እኔ 345 ብር ከፍዬ ሐኪም ቤት ደጃፍ የምረግጠው በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ጋሼ ግን 40 ብር ከፍለው በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ተገቢ መልስ ይፈልጋል።

ወላይታ የተወለደ ሰው መልሱን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። የጊፋታ በዓል በመስከረም ከመድረሱ በፊት ጎረቤታሞች ተቧድነው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው። በዓሉ ሲደርስ ማንም ብቻውን ሊገዛው የማይችለው ሰንጋ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል። የጤና መድንም ከዚሁ ዓይነት ቁጠባ ይጀምራል፤ ቀድሞ ማዋጣት፣ ጊዜው ሲደርስ ማውጣት ነው። ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። በበሬው ላይ ያዋጣ ሁሉ እኩል መደብ ያነሣል። በመድኑ ግን ሥጋውን የሚያነሣው የታመመው ነው። ያልታመመው ዓመቱን ሙሉ አዋጥቶ ባዶ እጁን ይገባል፤ ደግነቱ፣ ባዶ እጁን የገባው ጤና ይዞ ነው።

ሌላው የመልሱ ግማሽ ዕድሜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። የስኳርና የልብ በሽታ፣ የደም ግፊትና የዓይን ሞራ ደግሞ በብዛት የሚመጡት ወደዚያው ዕድሜ ነው። ገቢ በሚቀንስበት ጊዜ ወጪ ይበዛል። ስለዚህ ባለ ጡረታዎች ለብቻቸው አንድ ካዝና ይኑራቸው ቢባል፣ ወይ መዋጮው ከአቅማቸው በላይ ይሆናል፣ ወይ ካዝናው ቶሎ ይራቆታል። ወጣቱና አረጋዊው በአንድ ካዝና ሲገቡ ብቻ ከመቶ 1 ሊበቃ ይችላል። በ25 ዓመቱ 345 ብር የሚከፍለው ወጣት በ65 ዓመቱ ከመቶ 1 ብቻ የሚጠየቅበትን ቦታ ይዞ እየጠበቀ ነው።

ከውጭ አገሮች ጋር ብናስተያየውስ? ቢስማርክ በጀርመን አገር የሠራተኞችን የሕመም መድን ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። በጊዜው ከመዋጮው ከሦስት እጅ ሁለቱን ሠራተኛው፣ አንዱን አሠሪው ይከፍል ነበር። ጡረተኞች ግን በሕግ የተደነገገ የራሳቸው ቦታ በመድኑ ውስጥ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ 58 ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነበረባቸው። የኛ ዐዋጅ ሠራተኛውንና ባለ ጡረታውን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ በመጻፉ ከዚያ ይሻላል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የማኅበራዊ ዋስትና ጡረተኞቿን ከመዋጮ ነፃ አድርጋለች፤ ለካዝናው ዋና ምንጭ ያደረገችው ከሸቀጥ ላይ የሚሰበሰብ ከመቶ 2.5 ቀረጥ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከሠራተኛው ጠቅላላ ደመወዝ ከመቶ 2.75 መቁረጥ ጀመረች፤ አሠሪው ግን አይጨምርበትም። ከዚህ አንጻር የኛ ከመቶ 3፣ አሠሪው እኩል የሚያክልበት በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ የከፋ አይደለም።

በወረቀት ላይ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ቀጠሮ 2006 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነበር። ተላለፈ። ሌሎች ቀጠሮዎች ተከተሉ፣ እነርሱም ተላለፉ። ዐዋጁ ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎም ከሠራተኛው ደመወዝ መቆረጥ አልተጀመረም ነበር።

በዚህ መካከል ወላይታ ውስጥ የሆነውን ነገር ልብ በል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለውን ሌላውን ዓይነት በአራት ክልሎች ውስጥ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ጀመረ። ይህ መድን የታሰበው የወር ደመወዝ ለሌላቸው፣ ለገበሬውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ነው። ከ13ቱ ወረዳዎች አንዱ ዋና ከተማው በዴሳ የሆነው የወላይታው ዳሞት ወይዴ ነበር። በጊዜው በደቡብ ክልል መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በዓመት 126 ብር መሆኑ ነው። መንግሥትም ከማዕከል ድጎማ ይጨምርበት ነበር። ስለዚህ የዳሞት ወይዴ ገበሬ የመድን ካርዱን በኪሱ ይዞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ የገበሬውን ልጅ የሚያስተምረው መምህር፣ የመሬቱን ግብር የሚጽፈው የወረዳ ጸሐፊ፣ በየቤቱ ዞራ የምትመክረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የራሳቸውን መድን ገና ይጠባበቁ ነበር። ደመወዝተኛ በመሆናቸው ወደ ገበሬው መድን አይገቡም፤ የደመወዝተኛው መድን ደግሞ አልተከፈተም።

ሠራተኛው እምቢ ብሎ ነው እንዳይባል፣ ስለ ሶዶ ከተማ መምህራን የተጻፈ አንድ ጥናት አለ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ በሚታተመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። ከተጠየቁት 328 መምህራን መካከል ከመቶ 55 የሚሆኑት ስለ ማናቸውም ዓይነት የጤና መድን ከዚያ በፊት ሰምተው አያውቁም። ነገሩ ከተነገራቸው በኋላ ግን ከመቶ 74.4 የሚሆኑት እንከፍላለን ብለዋል። ከፈቃደኞቹም ከመቶ 47 ያህሉ ከደመወዛቸው ከመቶ 4 ወይም ከዚያ በላይ ለመክፈል ተስማምተዋል፤ ይህ ሕጉ ከሚጠይቀው ይበልጣል። ይበልጥ ፈቃደኞች የነበሩትስ እነማን ይመስሉሃል? ስለ መድን ቀድመው የሰሙት፣ ደመወዛቸው ከፍ ያለው፣ ደግሞም ከዚህ ቀደም ታመው የሕክምና ሒሳብ መክፈል አቅቷቸው የነበሩት ናቸው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ያስተምራል፤ በሐኪም ቤት ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ፊት ኪሱን ዳስሶ ያጣ ሰው ስለ መድን ረጅም ስብከት አያስፈልገውም።

ታዲያ ቅሬታው ከየት መጣ? ከሠራተኛው አፍ የሚሰማው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «ገንዘቤ ከተቆረጠ በኋላ መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ ብባልስ?» የሚል ነው። ይህ ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። መድን ገንዘብ ይሰበስባል እንጂ በመደርደሪያ ላይ የሌለውን መድኃኒት አይፈጥርም። ሶዶ ትልልቅ ሐኪም ቤቶች አጥታ አይደለም፤ ሰዉ እስከ ዛሬ ኦቶና እያለ የሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ። ነገር ግን ሠራተኛው ወሩን ሙሉ የሚኖረው ወረዳ ላይ ነው፤ የሚፈራውም የወረዳውን ጤና ጣቢያ ባዶ መደርደሪያ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የወላይታን ሠራተኛ በተለይ ይነካል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በጋዜጣም በራዲዮም የተነገረ ነው። መምህራኑ ሥራ አቁመው ደመወዝ ይከፈለን ብለዋል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆናለች፤ መቀመጫ መሆኗ ግን የወረዳዎቹን ካዝና አልሞላውም። እንግዲህ አስብ፤ የወረዳ ሠራተኛ አሠሪ ወረዳው ነው። ከመቶ 3ቱን ለሠራተኛው የሚጨምረውም ወረዳው ነው ማለት ነው። ዋናውን ደመወዝ በወሩ መክፈል የቸገረው ወረዳ፣ በደመወዙ ላይ የሚጨመረውን የመድን ድርሻ በወሩ ይከፍላል ወይ? በኛ አስተያየት ከመቶ 3 በዛ አነሰ ከሚለው ክርክር ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። የባለ ጡረታው አበል ግን የሚከፈለው ከወረዳው ካዝና ሳይሆን ከፌዴራሉ የጡረታ ፈንድ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ከመቶ 1 የሚያዋጡት ሽማግሌ ከወጣቱ ይልቅ የተረጋገጠ ከፋይ ሆነው ይገኛሉ።

የጡረታውም መዋጮ ቢሆን ሲጀመር እንደ ዛሬው አልነበረም። የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ ከሠራተኛው ከመቶ 4፣ ከመንግሥት ከመቶ 6 ነበር። በጊዜው ከመቶ 4 የተቆረጠበት ወጣት ጸሐፊ ዛሬ ካለ አበሉን ይበላል። ጥቅሙ በዚያው ወር ስላልታየ ሳይጀመር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ባለ ጡረታ የምንለው ሰው ባልኖረም ነበር።

መዘግየቱ ማንንም አልጎዳም የሚል ካለ ይህን ሒሳብ ይሥራ። ዐዋጁ በወጣበት በ2002 ዓ.ም. 45 ዓመት የሞላቸው የሶዶ መምህር በ2017 ዓ.ም. 60 ሞላቸው። መድኑ በቀጠሮው በ2006 ዓ.ም. ማለቂያ ተጀምሮ ቢሆን፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደ 11 ዓመት ገደማ ሙሉ ደመወዝ በሚቀበሉበት ዘመን ከመቶ 3 ባዋጡ ነበር፤ አሠሪያቸውም እኩል በጨመረ ነበር። አሁን ግን ካዝናው ሲከፈት የሚገቡት በከመቶ 1 በር ነው። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ሊቆረጥባቸው በሚገባው ጊዜ ዓምዱ አልነበረም። ሸክሙ የሚያርፈው ከኋላቸው በመጣው ወጣት ላይ ነው። በየዓመቱ አንድ ጓድ ሠራተኛ እንዲሁ ከከመቶ 3 ወገን ወደ ከመቶ 1 ወገን ይሻገራል።

ባለ ጡረታውም ቢሆኑ ደንቡን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እንመክራለን፤ መድኑ የማይከፍላቸው ነገሮች ዝርዝር አለና። ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና ቢወጡ ማንም አይደነቅም። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ የለበትም። በድንገት ከሚመጣ የኩላሊት ድካም በቀር የኩላሊት እጥበት የለበትም፤ ለዘለቄታው በእጥበት የሚኖር ሰው በራሱ ወጪ ነው የሚታጠበው። መነጽርም የለበትም። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው የካዝናውን አቅም አስቦ እንደ ሆነ ይገባናል፤ ይሁን እንጂ ጥርስና መነጽር በብዛት የሚፈልገው ማን እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ከ4,000 ብራቸው 40 ብር የሚቆረጥባቸው ሽማግሌ የዓይን ሕመማቸውን በመድኑ ይታከማሉ፤ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን መነጽር ግን ከቀረው 3,960 ብር ይገዙታል።