እምነትን በልብ ወለድ መጻፍ፦ የሹሳኩ ኤንዶ «ዝምታ»

ክርስትናን በልብ ወለድ ለማስተላለፍ የሚነሣ ደራሲ በሁለት በኩል ይፈተናል፤ ታሪኩን የስብከት ማሳያ ብቻ ካደረገው ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት ያጣሉ፣ እምነቱን ወደ ጎን ከተወው ደግሞ ሰማዕታቱ ስለ ምን እንደ ሞቱ ለአንባቢ አይገባውም። ጃፓናዊው ካቶሊክ ደራሲ ሹሳኩ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው «ዝምታ» ይህን ፈተና በሚያስደንቅ ብቃት የተወጣ ሥራ ነው።

መነሻው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጃፓን ክርስቲያኖች ላይ የደረሰው ስደት ሲሆን፣ ክርስቶቫኦ ፌሬራ የተባለው ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን እ.ኤ.አ. በ1633 በሥቃይ ብዛት እምነቱን መካዱ በታሪክ የተመዘገበ ነው፤ መምህሩን ፌሬራን ፍለጋ የሚመጣው ዋናው ገጸ ባሕርይ ሮድሪጌዝም ቢሆን ጁዜፔ ኪያራ ከተባለ ጣሊያናዊ ካህን ሕይወት ተነሥቶ የተፈጠረ ነው። ባለሥልጣናቱ ክርስቲያኑን የሚለዩት ፉሚ-ኤ በሚባል፣ የክርስቶስ ወይም የእመቤታችን ምስል ባለበት ሰሌዳ ላይ እንዲረግጥ በማዘዝ ነበር። ኤንዶ ይህን ምስል ከመረገጥ ብዛት ፊቱ የተፋቀ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሮድሪጌዝም እንዲረግጥ የሚገደደው የራሱን ነፍስ ለማትረፍ ሳይሆን፣ በጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል ተሰቅለው የሚያቃስቱትን ገበሬዎች ለማዳን ነው። የሥራው ታላቅነት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ክህደትና ፍቅር በአንድ እርምጃ ውስጥ ሲገናኙ አንባቢው ለመፍረድ ይቸገራል።

የአተራረኩ ስልትም ለዚሁ ያገለግላል፤ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በካህኑ ደብዳቤዎች የተጻፉ በመሆናቸው አንባቢው ጽኑ እምነቱን ከራሱ አንደበት ይሰማል፣ ከተያዘ በኋላ ግን ትረካው ወደ ሦስተኛ መደብ ይዞራል፣ በመጨረሻም ካህኑ በሹማምንትና በነጋዴዎች መዝገብ ውስጥ ብቻ ይገኛል።