ቀጥቃጭና አንጥረኛ፤ የማዕድናት ጠባይ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በባኮ አማርኛ ተናጋሪው ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ብርና ወርቅ ሠሪውን አንጥረኛ ይለዋል። በኦሮምኛም ብረት ሠሪው ቱምቱ ይባላል፤ ስሙ መቀጥቀጥን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነው። አንጥረኛ ግን አነጠረ፣ ማለት በእሳት አቅልጦ አጠራ፣ ከሚለው ይመጣል፤ ንጥር ቅቤም የዚሁ ወገን ነው። ይህ የስም ልዩነት እንዲያው የተሰጠ አይደለም።

ብር በሴንቲግሬድ 962 ዲግሪ፣ ወርቅ በ1064፣ መዳብ በ1085 ይቀልጣል። ንጹሕ ብረት ግን 1538 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። በወናፍ የሚነፋ የከሰል እሳት ለፊተኞቹ ይበቃል፤ ብረትን ግን ከማለስለስ አያልፍም። ስለዚህ ብር በሸክላ ማቅለጫ ቀልጦ ሲፈስ፣ ብረት በጉጠት ተይዞ በመስፍ ላይ ይቀጠቀጣል። ጉጠቱ ራሱ ብረት ሆኖ ሳለ እጅን የማያቃጥለው እጀታው ረዥም በመሆኑና ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው የመዳብን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ አይዝም፤ ዓይኑ ይበቃዋል። ብረቱ ደምቆ ሲቀላ ወደ 800 ዲግሪ፣ ብርቱካን ሲመስል ከ900 በላይ መሆኑን፣ ቁጥሩን ባይጠራም ግብሩን ያውቃል። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ በቀላበት ጊዜ ውኃ ውስጥ ቢነከር ይጠነክራል፤ በውስጡ በቂ ካርቦን አለና። ካርቦን ያነሰው የግንባታ ብረት ግን በዚሁ ሥራ እምብዛም አይለወጥም። ሁለቱን ያልለየ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ባለቤቱን ሲያስከብረው አልኖረም። በብዙ የኢትዮጵያ አውራጃ ቀጥቃጭ ቡዳ ተብሎ ሲፈራና ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአዋጁ ብቻ አልጠፋም። ምሥጢር ተብሎ የተጠረጠረው ግን አብዛኛው የእሳትን መልክ ከብረት ጠባይ ጋር አስተባብሮ ማየት ነበር።

ይህ ዓይን በአሉሚኒየም ላይ ሲደርስ ይቸገራል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በቀን ብርሃን መቅላቱ ሳይታይ ድንገት ይፈሳል፤ መልኩን የሚጠብቅ ብረት ሠሪ ዕቃው ከእጁ ያመልጠዋል። ድስት ለመሥራት ግን እጅግ ምቹ ነው፤ ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲሆን ሙቀትን ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ የቀለጠ አሉሚኒየም አፍስሶ ድስት የሚሠራ ሰው፣ በስም ረገድ ከቀጥቃጭ ይልቅ ለአንጥረኛ ይቀርባል።