በማያስተማምን ዘመን ትዳርና ልጅ

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት በአገራችን የሠርግ ወራት ናቸው። በጅግጅጋ በሚኖሩ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ዘንድም «ውለዱ፥ ክበዱ» የሚለው የሽማግሌዎች ምርቃት የሚሰማው በዚሁ ወራት ነው። ነገር ግን ከምርቃቱ በስተ ጀርባ ዛሬ በብዙ ቤት አንድ ክርክር አለ። «ነገ ምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ እንዴት ቤት ይመሠረታል? ልጅስ እንዴት ይወለዳል?» ይላል ወጣቱ። «እኛስ መቼ ነገን አውቀን ወለድናችሁ? ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ ወላጆቹ። በሁለቱም ንግግር ውስጥ እውነት ስላለ፥ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባናል።

ሥጋት በበዛ ጊዜ ሰው ልጅ መውለድን ይተዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ብዛት በአማካይ ሲቆጠር፥ በመላው ኢትዮጵያ 4.6፥ በአማራ ክልል 3.7፥ በአዲስ አበባ 1.8 ነበረ። በሶማሌ ክልል ግን 7.2 ሆኖ ተገኘ። በዚያው ክልል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለ ትዳር ሴቶች ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር።

እንግዲህ ይህ ክልል ጸጥታና ጥጋብ የሰፈነበት ሆኖ ነውን? አይደለም። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማልያ ጦር ተይዛ፥ በየካቲት ወር ነው ነጻ የወጣችው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሣ በጦርነት ስትፈርስ ብዙ መቶ ሺህ ስደተኞች ድንበሩን ተሻገሩ፤ በጅግጅጋ አውራጃ የነበረው የሐርትሼክ ሰፈር በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆኖ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ። ከዚያም ወዲህ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በሰሜኑ በኩል፥ በሽኒሌና በአይሻ በረሓ፥ ዝናም ቀርቶ የአርብቶ አደሩ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ነው ወሊድ ከአገሩ ሁሉ የበለጠው።

ምስጢሩ ያለው ሰው በክፉ ቀን በሚደገፍበት ነገር ላይ ነው። በሰሜኑ የሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ የሰው መደገፊያው ዘመዱ ነው። ወንድ ልጅ ግመል ይጠብቃል፤ ሴት ልጅ በግና ፍየል ታሰማራለች። ነፍስ ቢጠፋ ካሣውን፥ ማለት «ማግ» የሚባለውን፥ የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ጎሣው በሙሉ ነው፤ በጥንቱ ልማድ ለአንድ ወንድ ነፍስ 100 ግመል ይከፈል ነበር። ስለዚህ ወንድሞቹ የበዙለት ሰው ጠበቃም ዋስም አለው። ሙሽራው ለልጅቱ ወገን የሚሰጠውን ጥሎሽም፥ «ያራድ» የሚባለውን፥ ብቻውን አይሸከመውም፤ ዘመድ ያዋጣለታል። ድርቅ ከብቱን ሲጨርስበት ሌላው ዘመድ ከመንጋው ከፍሎ ያቋቁመዋል። እንግዲህ ለዚህ ሰው ልጅ ማለት ወጪ ሳይሆን መድን ነው፤ ሥጋቱም በጨመረ መጠን የመድኑ አስፈላጊነት ይጨምራል።

ሞትም ራሱ ወሊድን ይጠራል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በአዲስ አበባ ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት ዐምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 39 ሲሆኑ፥ በሶማሌ ክልል ግን 94 ነበሩ። አንዱን ልጅ ቀብሮ የሚያውቅ ወላጅ የቀሩትን ቁጥር አይበቃኝም ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በእናቲቱ ሥጋ ላይ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሰባት ጊዜ ማርገዝና ማማጥ፥ ያውም ሐኪም በራቀበት በረሓ፥ ቀላል ነገር አይደለም።

መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ክርስቲያን ይህን ልማድ እንደ እንግዳ ነገር ሊያየው አይችልም። ያ ታሪክ የሚጀምረው በረኃብ ነው። ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ የተሰደደው ቤተ ሰብ አባቱንና ሁለት ልጆቹን ያጣል፤ ዘርም ሳይተካ ይቀራል። በመጨረሻም የሟቹ ዘመድ ቦዔዝ ባልቴቲቱን ሩትን አግብቶ ቤቱን ያቆማል። በሶማሌዎችም ዘንድ ባልዋ የሞተባትን ሴት የሟቹ ወንድም የሚያገባበት «ዱማል» የተባለ ልማድ አለ። ልማዱ የሴቲቱ ፈቃድ ካልተጠየቀበት ግፍ ይሆናል፤ አሳቡ ግን ሞትና ረኃብ በሚመላለሱበት አገር ቤት እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1982 ዓ.ም. በዚያ የነበረው የወሊድ መጠን 3.1 ያህል ሲሆን፥ በ1992 ዓ.ም. ወደ 1.9 ወርዶ ነበር። ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የጋብቻ መዘግየት መሆኑን፥ ለጋብቻውም መዘግየት የሥራ ማጣትና የቤት ችግር መንሥኤ መሆናቸውን ገልጸዋል። የከተማው ጎልማሳ መደገፊያው ደመወዙ ነው፤ ደመወዝ ከሌለ ቤት የለም፥ ቤት ከሌለ ትዳር የለም። ስለዚህ ያው ሥጋት በአርብቶ አደሩ ዘንድ ወሊድን ሲያበዛ፥ በከተሜው ዘንድ ያዘገየዋል። በሌላውም ዓለም እንዲህ ሆኗል፤ የበርሊን ግንብ በ1982 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ የለመደው ሥራና ኑሮ ሲናወጥበት፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ።

በሌላ በኩል ባህል የማይነቃነቅ ድንጋይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ያልተማሩ ሴቶች የወሊድ መጠን 5.7 ሲሆን፥ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት ግን 1.9 ነበረ። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ደጅ የምትገባው የሶማሌ ልጅ፥ በቶጎ ውጫሌ የምትነግደውም ሴት፥ እናቶቻቸው ያልነበራቸውን ሌላ መደገፊያ ይዘዋል። መደገፊያው ሲለወጥ የቤተ ሰቡም መጠን በጊዜው ይለወጣል።

እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው በጅግጅጋ የሚኖረው ክርስቲያን ቤተ ሰብ ነው። ብዙዎቹ ወይም አባቶቻቸው ከሸዋ፥ ከወሎ፥ ከጎንደርና ከሐረር መጥተው በሹመት፥ በውትድርና፥ በመምህርነትና በንግድ የኖሩ ናቸው። የሥጋ ዘመዳቸው ሩቅ ስለ ሆነ እንደ ጎረቤታቸው በጎሣ አይደገፉም፤ ደመወዝና ንግድም ሁልጊዜ አያስተማምንም። በዚህ ላይ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣውና ወደ ሌሎችም የክልሉ ከተሞች በተዛመተው ሁከት ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ሸሸ። ያን ቀን ያየ ወጣት «እዚህ ልውለድን?» ብሎ ቢጠይቅ ፈሪ ነው ሊባል አይገባም።

ለዚህ ወጣት «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ያ አነጋገር የተነገረው ልጅ ከአያት፥ ከአጎትና ከአክስት መካከል በሚያድግበት አገር ነው፤ ዕድል የተባለውም አንዱ ወገን እነዚሁ ዘመዶች ናቸው። ዘመድ በሌለበት አገር አነጋገሩ እውነት የሚሆነው ዘመድ ስንሆንለት ነው። ለዚህም የሚሆን ነገር በእጃችን አለ። ዕድሩ ለቀብር ብቻ መሆን የለበትም፤ ለአዲስ ሙሽሮችም መቋቋሚያ የሚሆን ብድር ሊሰጥ ይችላል። የጽዋ ማኅበሩ አራስ ቤት የሚጠይቁ እናቶችን በተራ ሊመድብ ይችላል። የክርስትና አባትና እናትም፥ ወንዱ በአርባ ሴቷ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የቆሙት፥ ቃላቸው ለዕለቱ ድግስ ሳይሆን ለልጁ ዕድሜ ሁሉ ነው።

ወላጆችም ከሠርጉ ወጪ ይቀንሱ። የአንድ ቀን ድንኳን የሁለትና የሦስት ዓመት የቤት ኪራይ የሚበላ ከሆነ፥ ልጆቻችንን ያዘገየናቸው እኛው ራሳችን ነን። በሌላው ወገን ደግሞ ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ ለመዳር መቸኮል አይገባም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የልጆቻቸውን ብዛትና የሚወልዱበትን ጊዜ ባልና ሚስት ተመካክረው ይወስኑ እንጂ፥ ከውጭ ሆነን የበዛበትን አንንቀፍ፥ ያነሰበትንም አናሳፍር።

የአገራችንን የጦርነትና የረኃብ ዘመን የመረመሩ ሰዎች፥ በእነዚያ ዓመታት ወሊድ ወርዶ መከራው ሲያልፍ መልሶ እንደ ወጣ አግኝተዋል። ሰው ከመከራ በኋላ ቤቱን ይሠራል። ሩትም በቤተ ልሔም አንድ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም፤ አማቷን ይዛ መጣች፥ መከር የሚሰበስቡትም አላባረሯትም፥ ከዚያም የልጅ እናት ሆነች። በጅግጅጋም ዛሬ ቤት ለመመሥረት የሚያመነታው ወጣት የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። «ወልዶ ለመሳም፥ ዘርቶ ለመቃም ያብቃህ» ብለን ስንመርቀው፥ ከምርቃቱ በኋላ በሩን የምናንኳኳለት እኛው እንሁን።