ወርቅና ፈታኙ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ በአራዳ፥ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በራስ መኰንን ስም የተጠራ ድልድይ አለ። ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል የሐረር ገዥ ነበሩ፤ ያረፉትም በ1898 ዓ.ም. ነው። በድልድዩ አጠገብ ያለው መንደር ሠራተኛ ሰፈር ይባላል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አንጥረኞች፥ ቀጥቃጮችና ሌሎችም የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ስለ ሰፈሩበት ይህን ስም አገኘ።

ከዚያ ዳገቱን ሲወጡ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፥ ታላቁ የአራዳ ገበያ ነበረ። በዚያ ገበያ ሰው ሁሉ መርማሪ ነበረ ማለት ይቻላል። አሞሌ ጨው የሚቀበል ሰው ማዕዘኑን ያያል፤ የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉ አሞሌ አይቈጠርምና። የማርያ ትሬዛ ብር የሚቀበልም ሰው በንግሥቲቱ መልክ ላይ ያለውን ጌጥ አንድ በአንድ ይመለከታል። ይህ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ባላገሩ ይህን ቍጥር አያውቀውም፤ ነገር ግን ያረጀውንና ሐሰተኛውን በዓይኑና በጣቱ ይለይ ነበር። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማውን ከያዙ በኋላ ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወሩት፤ የአራዳው ስፍራም በእነርሱ ቋንቋ ፒያሳ ተባለ። የወርቅ ሱቆች ግን በፒያሳ ለብዙ ዘመን ቈዩ። በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል።

ወርቅ ለብዙ ሰው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጐተራም ነው። አንዲት እናት በጥጋብ ዘመን ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አጠራቅማ አምባር ትገዛለች። አምባሩም በሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል። ልጅዋ የታመመ ወይም እህል የጠፋ እንደ ሆነ አውጥታ ወደ ሱቅ ትወስደዋለች። የክፉ አንጥረኛ ስርቆት የሚገለጠው በዚያ ቀን ነው። ሌባው በደስታዋ ቀን ሰረቀ፥ እርስዋ ግን በችግርዋ ቀን ትከፍላለች። የሸጠላትም ሰው በዚያን ጊዜ ሱቁን ለቅቆ ይሆናል፥ ወይም ሞቶ ይሆናል።

ይህ ስርቆት እንዴት ይሠራል? ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ብቻውን ለጌጥ አይበረታም፤ ስለዚህ አንጥረኛው መዳብና ብር ይጨምርበታል። መጨመሩ ማታለል አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው መጠኑ ሲደበቅ ነው። የወርቅ ጥራት የሚቈጠረው በካራት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል፤ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፥ 6ቱ ሌላ ማዕድን ነው ማለት ነው። እንግዲህ 24 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት አምባር 18 ግራም ወርቅ አለበት። አንጥረኛው በ14 ካራት ሠርቶ «18 ነው» ብሎ ቢሸጠው 4 ግራም ወርቅ ሰረቀ። አምባሩ ግን ያው 24 ግራም ይመዝናል፤ ቀለሙም ላላወቀ ዓይን ያው ነው። ሚዛኑ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሽያጩ ሐሰት ሆነ።

ይህን ለመለየት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ብልሃት ሲፈልጉ ኖረዋል። በአንጥረኞች ዘንድ የታወቀው ፈተና የጥቍር ድንጋይ ፈተና ነው። ወርቁን በልስልስ ድንጋይ ላይ ቢያሹት ቢጫ መስመር ይተዋል። በአጠገቡም ካራቱ በታወቀ ወርቅ ሌላ መስመር ይሰመራል። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ላይ አሲድ የሚባል የሚያቃጥል ፈሳሽ ይንጠባጠባል። አሲዱ መዳቡን ይበላል፥ ወርቁን ግን አይነካውም። ስለዚህ መዳብ የበዛበት መስመር ይደበዝዛል፤ ጥሩው እንደ ደመቀ ይቀራል። ነገር ግን ድንጋዩ የሚያውቀው ላዩን ብቻ ነው። ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ በወርቅ የተለበጠ ነገር ቢመጣበት፥ ድንጋዩ ስለ ልብሱ እንጂ ልብሱን ስለ ለበሰው አይመሰክርም።

የውሃ ፈተና ግን እስከ ውስጥ ይደርሳል። ከ2,200 ዓመት በፊት በሲራኩስ ከተማ አርኪሜዴስ የሚባል ሊቅ ነበረ። ንጉሡ ሂየሮን ያሠራው የወርቅ ዘውድ ብር ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ፥ ዘውዱን ሳይሰብር እንዲያውቅለት ጠየቀው ይባላል። ሊቁም ወደ መታጠቢያ ገብቶ ውሃው ሲፈስስ ባየ ጊዜ ነገሩን ተረዳ። ወርቅና ብር በክብደት እኩል ቢሆኑ ብሩ ሰፋ ያለ ስፍራ ይይዛል፤ ስለዚህ በውሃ ውስጥ ቢያገቡት ብዙ ውሃ ያፈስሳል። ቁመቱም ወርዱም ከፍታውም አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል ብረት ግን 8 ግራም አይሞላም። 12 ኪሎ በሚመዝን የወርቅ ጡብ ልክ የተሠራ የብረት ጡብ 5 ኪሎ አይደርስም።

ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው የእሳት ፈተና ነው። ከወርቁ ጥቂት ተቈርጦ ይመዘናል፤ ከእርሳስም ጋር ከአጥንት አመድ በተሠራ ጽዋ ውስጥ ይቀልጣል። እርሳሱና መዳቡ ወደ ጽዋው ይሰርጋሉ፥ ወርቅና ብር ብቻ እንደ ዶቃ ሆነው ይቀራሉ። ብሩን በአሲድ ያሟሙና የቀረውን ወርቅ ዳግመኛ ይመዝኑታል። የፊተኛውና የኋለኛው ሚዛን ልዩነት የጥራቱን ልክ በትክክል ይናገራል።

እንግዲህ ብልሃቱ ይህን ያህል ብዙ ከሆነ ማታለል ስለ ምን አልጠፋም? ድንጋዩም ውሃውም እሳቱም በሰው እጅ የሚሠሩ ስለ ሆኑ ነው። ወርቅን መፈተን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በፈታኙ ላይ ደንብ ማቆም ግን የዘወትር ሥራ ነው።

ደንብ ባለው የአንጥረኛ ቤት ወርቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሁልጊዜ ይመዘናል። አቅላጩ ሲረከብ፥ ለቀጥቃጩ ሲሰጥ፥ ተሞርዶ ሲመለስ ይመዘናል፤ ሁሉም በመዝገብ ይጻፋል። ከሞረድ የሚወድቀው ብናኝ እንኳ ከጠረጴዛው ሥር በተዘረጋ ቆዳ ላይ ተጠራቅሞ ይመዘናል። አንዳንድ ሠራተኛ ይህን ባየ ጊዜ «ሌባ አደረጋችሁኝ» ብሎ ይቈጣል። ቍጣው ግን አያዋጣውም። መዝገብ በሌለበት ቤት ወርቅ የጐደለ ቀን ሁሉም ይጠረጠራል፤ ብዙውን ጊዜም በደሉ የሚወድቀው በታናሹ ላይ፥ ወናፍ በሚነፋው ልጅ ላይ ነው። መዝገብ ባለበት ቤት ግን በማን እጅ እንደ ጐደለ ይታወቃልና፥ ልጁ ሳይደነግጥ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስሕተትም ቢሆን በጊዜው ሲገኝ ቀላል ነው። ካራቱ ያነሰ ወርቅ ገና በማቅለጫው ሳለ ቢታወቅ፥ የጐደለውን ጨምሮ እንደ ገና ማቅለጥ ይበቃል። ጌጡ ከተሠራ በኋላ ቢታወቅ የብዙ ቀን ድካም ይፈርሳል። ከተሸጠ በኋላ ቢታወቅ ግን የሚፈርሰው የአንጥረኛው ስም ነው፤ ለስም ደግሞ ማቅለጫ አልተገኘለትም።

በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር ጥንት ታስቦበታል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1300 የወጣ ሕግ፥ የብር ዕቃ በሙያው ጠባቂዎች ሳይፈተንና የነብር ራስ ሳይታተምበት ከሠሪው እጅ እንዳይወጣ አዘዘ። ሠሪው ሌላ፥ ፈታኙ ሌላ ሆነ። ነገር ግን ፈታኙ ራሱ ቢያብልስ? በ1478 በለንደን ሌላ ምልክት ተጨመረ፤ ዕቃው የተፈተነበትን ዓመት የሚያሳይ አንድ ፊደል ነው። ፊደሉን ያየ ሰው በዚያ ዓመት ፈታኝ የነበረው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ይችላል፤ ዕቃው ሐሰት ሆኖ ቢገኝም የሚጠየቀው ይታወቃል። እንዲህ ባለ ጥቂት ነገር፥ በአንዲት ፊደል፥ ፈታኙ ራሱ የሚፈተን ሆነ።

በኢትዮጵያም በ2000 ዓ.ም. የዚህ ነገር ክብደት በታላቅ ጕዳት ተገለጠ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ከአቅራቢዎች እየገዛ በግምጃ ቤቱ ያኖራል፥ ወደ ውጭ አገርም ይሸጣል። በዚያ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጡቦች ላከ። ተቀባዮቹ ቢመረምሩት በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ አገኙትና መለሱት። በሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ገንዘብ የወጣበት ነበር። ወርቁን ያቀረበው ሰው ተያዘ። ከእርሱም በኋላ ከባንኩ ሹሞችና፥ ወርቁን እየመረመሩ የምስክር ወረቀት ከሚሰጡት ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ተጠርጥረው ታሰሩ። ወደ ጅቡቲ ሊያሻግሩት ሲሉ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች እጅ ተይዞ በባንኩ የተቀመጠ ሌላ ወርቅም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውል ይገባል። ብረት በመጠን ወርቅን ቢመስል በክብደት አይመስለውም፤ በክብደት ቢመስለው በመጠን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጠዋል። ስለዚህ ይህን ሐሰት ለመግለጥ የአርኪሜዴስ ጥበብ እንኳ አላስፈለገም፤ ሚዛንና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቁ ነበር። የጐደለው ዕውቀት አልነበረም። ወርቁ የምስክር ወረቀት ነበረው፤ ወረቀቱን ያየም ሰው ወርቁን ያየ ይመስለዋል። ማኅተም ፈተናው መደረጉን የሚናገር ምስክር ነው እንጂ በፈተናው ፈንታ የሚቆም አይደለም፤ ምስክርም ሲዋሽ የሚይዘው ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገዋል። በዚህ ነገር ሁለተኛው ምስክር የተገኘው ከአገር ውጭ ነው። አገሪቱ ከገንዘቡ ሌላ ኀፍረትንም የከፈለችው ስለዚህ ነው።

ሐሰተኛዎቹ ጡቦች ከተገኙ በኋላ በባንኩ ግምጃ ቤት ያለው ወርቅ ሁሉ እንዲመረመር ታዘዘ። ጥሩው ወርቅ፥ በቅን ሰዎች እጅ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የወጣውም፥ ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ተጠረጠረ፤ ተራውንም ጠብቆ ወደ ሚዛኑ እንዲወጣ ሆነ።