ጣና ላይ ቀን የማይስት ጀልባ

ባሕር ዳር ቆሞ ጣናን የሚያይ እንግዳ ሐይቁ የሽርሽርና የገዳማት ስፍራ ብቻ ቢመስለው አይፈረድበትም። ከከተማዋ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚመላለሱት ጀልባዎች የሚጭኑት በአብዛኛው ጎብኚና ተሳላሚ ነው። ምዕራባዊውን ዳርቻ ይዞ ደልጊ ሲደረስ ግን ጣና መንገድ ነው። በዚህች የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ የእህል ነጋዴውም፣ ታማሚውም፣ ለትምህርት የሚሄደውም ልጅ ባሕር ዳር ለመድረስ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ በየብስ ረጅሙን ዙሪያ መሄድ፣ ወይ ውኃውን ማቋረጥ። የባቡር ሐዲድ እዚህ አልደረሰም። ቀን ተቆርጦለት፣ ሰውና ጭነት ይዞ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የሕዝብ ማመላለሻ ካለ የጣና ጀልባ ነው።

የሞተር መርከብ በሐይቁ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ሆኖ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ የጎርጎራ ወደብም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በኋላ አገልግሎቱ በመንግሥት እጅ ገብቶ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ለአሥርት ዓመታት ሲያንቀሳቅሰው ኖሯል። የረጅሙ መስመር ልማድ የታወቀ ነበር፦ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ደቅ ደሴትን መንካት፣ ቁንዝላ ማደር፣ በነጋታው በእሰይ ደብርና በደልጊ በኩል ጎርጎራ መግባት፣ ሐሙስ መመለስ። በሳምንት አንድ ጊዜ ማለት ነው። ነጋዴ ቢያመልጠው ሳምንት ይጠብቅ ይሆናል፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን ሳምንት አትጠብቅም።

አገሩ በዚህ መሐል አድጓል። የባሕር ዳር ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 96 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1999ኙ ከ155 ሺህ አልፏል፤ ከዚያም ወዲህ ከተማዋ ማደጓን አላቆመችም። በ2016 ዓ.ም. በዓባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተመርቆላታል። ለሐይቁም በ2017 ዓ.ም. ‹ጣና ነሽ ሁለት› የተባለች 188 ሰው የምትጭን ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ በተሽከርካሪ ተጭና፣ የዓባይን በረሃ አቋርጣ ባሕር ዳር ደርሳለች። ያን የሚያህል አካል በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ማለፉ ራሱ የሚደነቅ ሥራ ነው። ደስታውን የምጋራው ከልቤ ነው። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ውኃው ሲሸሽና ነፋሱ ሲነሣ አገልግሎቱ ምን ይሆናል?

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጣትም። ጣናን የሚያውቁ ሰዎች ጉዟቸውን በማለዳ የሚጨርሱት ስለዚህ ነው። መደበኛው ጀልባ ሲቀር ግን ሰው ያገኘው ላይ ይሳፈራል፤ ከሰዓት በኋላም ቢሆን፣ ከልክ በላይ የተጫነም ቢሆን። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ‹ኔሬሬ› የተባለችው የታንዛኒያ ጀልባ ስትገለበጥ ከ220 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እንድትጭን የተፈቀደላት መቶ ሰው ገደማ ነበር።

ከማዕበሉ ይልቅ ሲነገር የማይሰማው የውኃው መሸሽ ነው። የጣና ከፍታ በየዓመቱ ሰኔ ገደማ ዝቅ ይላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ በ1988 ዓ.ም. የተሠራውና በ1993 ዓ.ም. በሮች የተጨመሩለት የጨረጨራ ግድብ ይህን ውጣ ውረድ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች እንዲመች አድርጎ መቆጣጠር ጀመረ። ግድቡ ውኃውን የሚያዝበት ልክ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ነው። መርከቦች በደኅና ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ልክ ደግሞ 1,784.75 ሜትር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ግድቡ ሐይቁን እንዲያወርድበት የተፈቀደለት መጠን ጀልባዋ መቆም ከሚገባት ልክ በታች ይገባል። የተሳፋሪው ጉዳይ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ውጤቱ ለመታየት ብዙ አልዘገየም። በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁ ከመርከቦቹ ልክ በታች ወረደ፤ ትልልቆቹ ጀልባዎችም ለወራት ቆሙ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲመረቅ ሐይቁ ሁለተኛ መውጫ አገኘ፤ ውኃው የሚገባበት አፍ ያለው በቁንዝላ አካባቢ፣ እዚሁ በጀልባዋ መስመር ላይ ነው። መብራቱ ለአገር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መብራቱ ለአገር ሲታደል ኪሳራውን ምዕራብ ዳርቻ ብቻውን መሸከም የለበትም። ችግሩም የውኃው መውረድ ብቻ አይደለም፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተንሰራፋው የእምቦጭ አረም፣ እንዲሁም ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የተባሉት ወንዞች ከየተራራው ጠርገው የሚያመጡት ደለልም አሉ። ሐይቁ ከላይ ሲወርድ ደለሉ ከታች ይመጣበታል። በክረምት የተሠራ የመሳፈሪያ ቦታ በበጋ ከውኃው ርቆ ቢገኝ ሊያስገርመን አይገባም።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ጀልባ መምጣቷ ግማሽ ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የየብሱ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ የውኃው መንገድ ዋጋ ይበልጥ ታይቷል። ደልጊ፣ እሰይ ደብርና ቁንዝላ ውኃው ሲወርድም ሲሞላም የሚያገለግል፣ ከፍና ዝቅ የሚል መሳፈሪያ ይገባቸዋል። ትልቋ ጀልባ ዳር መጠጋት በማትችልበት ወር የምትተካት ትንሽና ቀልጣፋ ጀልባ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይጎድል፣ አስቀድማ መዘጋጀት አለባት። የነፋሱ ትንበያና የሐይቁ ከፍታ በየሳምንቱ በሬዲዮ ቢነገር ነጋዴው ጤፉን መቼ ወደ ወደብ እንደሚያወርድ ያውቃል፤ የሐይቁ ከፍታ የሚለካ ነገር ነውና ምስጢር የሚያደርገው ምክንያት የለም።

ከሁሉ በፊት ግን የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሐይቁን ዝቅተኛ ልክ ከ1,784.75 ሜትር በላይ አድርገው ይወስኑ፤ ውሳኔውንም ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። የጨረጨራ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ደልጊ ላይ ጀልባ የሚጠብቀው ሰውም ባለጉዳይ ሆኖ ይቆጠር።